የፊርደውስ ዶላር አደባበቅ

በዚያ ጠዋት ስለ ፊርደውስ ወገብ፣ ስለ ፊርደውስ ዳሌና ስለ ፊርደውስ ብብት አንድ ሰዓት ሙሉ ክርክር ሲደረግ፣ የገላው ባለቤት እዚያው መሃል ቤት በርጩማ ላይ ቆማ ነበር፤ ሐሳቧን የጠየቃት ግን የለም። አክስቷ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ሦስት ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው፣ የልጅቷን ወገብ እንደ ጆንያ አፍ ጨብጠው ይዘዋል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስቻለች ደግሞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይዳኛሉ። «ወገቧ ላይ ከሆነ በተቀመጠች ቁጥር ይንኮሻኮሻል» ይላሉ ወይዘሮ አስቻለች። «ብብቷስ ስር?» ይላሉ አክስት፣ ስፒሉን ሳይተፉ። «ላብ አለ! የእህቴ ልጅ ቤሩት ስትሄድ ብብቷ ስር ይዛ፣ ስትደርስ ብሩ እንደ እርጥብ ቂጣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ተገኘ፤ ወላሂ!» ወይዘሮ አስቻለች የማርያምን ማኅበር የሚጠጡ ክርስቲያን ናቸው፤ በጨዋታ መሃል ግን ወላሂን የመሰለ መሐላ የለም ብለው ያምናሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊርደውስ ቱርክ አገር፣ ኤስኪሼሂር በምትባል ከተማ ምሕንድስና ልትማር ነው፤ አውቶቡሷ ነገ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከመካነ ሰላም ይነሣል። የከተማይቱን ስም አክስቷ ለመጥራት ሁለት ሳምንት ታግለው በመጨረሻ «እስኪሸሽ» ላይ ረግተዋል። «ልጃችን እስኪሸሽ ልትሄድ ነው» ሲሉ የሰማ ሁሉ «ማን እስኪሸሽ?» ብሎ ይጠይቃል። የትምህርቱን ክፍያ ዩኒቨርሲቲው ችሏል፤ የመኝታው፣ የመኖሪያ ፈቃዱና የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀለብ ግን በራሷ ነው። ለዚህ የሚሆነውን እናቷ ሩቂያ ስድስት ዓመት ሪያድ ላይ የሰው ቤት ስትጠርግ አጠራቅማለች። የስድስት ዓመቱ መጥረጊያ ተመንዝሮ ተመንዝሮ አሥራ ስምንት ባለ መቶ ዶላር ወረቀት ሆነ። ፊርደውስ ባለፈው ሳምንት ፓስፖርቷን፣ ቪዛዋንና ትኬቷን ይዛ ደሴ ድረስ ሄዳ ከባንክ ያወጣችው ነው። ባንኩ ማስረጃ ጽፎላታል፤ ማስረጃው ፓስፖርቷ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«አክስቴ፣ ሕጋዊ ብር እኮ ነው» አለች ከበርጩማው ላይ ለሦስተኛ ጊዜ። «በቦርሳዬ እይዘዋለሁ፤ ሲጠይቁኝ ወረቀቱን አሳያለሁ፣ አለቀ።»

«ሌባ ሕጋዊ ብር አይሰርቅም ያለሽ ማነው?» አሉ አክስት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

ፊርደውስ ፊቷን ወደ አባቷ አዞረች። አቶ ሙሐሲን ጀርባቸውን ለሴቶቹ ሰጥተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት የእሳቸው ናት፤ ወረቀት ያባዛሉ፣ መዝገብ ይጠርዛሉ፣ የተገነጠለ መጽሐፍ ያድሳሉ። ሰውዬው ቃል እንደ ፎቶ ኮፒ በገጽ የሚያስከፍላቸው ይመስል ከስንት አንዴ ነው የሚናገሩት። አሁንም ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ይህ በእሳቸው ቋንቋ «እንደ ወደዳችሁ» ነው።

በመጨረሻ ለቅምቅማት ተፈረደ። ወይዘሮ ኡሙልኸይር አንድ ጥቁር ወፍራም የውስጥ ጉርድ አውጥተው የታችኛውን ቅምቅማት ተረተሩት፤ አሥራ ስምንቱን ወረቀት አንድ በአንድ በስስ ላስቲክ ጠቅልለው ዙሪያውን ደረደሩና መልሰው ሰፉት። ፊርደውስ ለብሳው ከበር እስከ አልጋ ስትራመድ ሿ፣ ሿ ይል ነበር፤ ወይዘሮ አስቻለች ግን «አውሮፕላኑ ራሱ ይጮህ የለም እንዴ፣ ማን ይሰማታል» ብለው ነገሩን ዘጉት። ጉርዱ ተጣጥፎ ፍራሽ ስር ገባ። «እንግዲህ ይሄን ከእኛ ከአራታችንና ከአላህ ሌላ የሚያውቅ የለም» አሉ አክስት እጃቸውን እያጨበጨቡ። ወይዘሮ አስቻለች ጥርሳቸውን ነክሰው ወላሂ አሉ። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ነበር።

በአራት ሰዓት ፊርደውስ ለሻንጣዋ ቁልፍ ልትገዛ ባጃጅ ያዘች። ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋትና «ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፤ እንዳይጨማደድ» አላት። ቀሚሷን ያለ መስሏት ቀሚሷን አስተካከለች። ስትወርድ ሃያ ብር ብታወጣ ሳቀ፤ «ተይው ባክሽ፣ አንቺ ዝርዝር ከየት ታመጫለሽ!» ብሎ ሄደ። ቁልፍ ሻጩ ሁለት መቶ ሃምሳ የሚለውን ቁልፍ በሁለት መቶ ሰጣት፤ ከሰጣት በኋላ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ሻንጣው ምን ያደርግልሻል፣ ዋናው ጉርዱ ነው እንጂ» አላት። ፊርደውስ ቁልፏን ይዛ በቆመችበት ቀረች። ከዚያ ወዲያ ከተማው ውስጥ የተራመደችው ሁሉ ወደ እግሯ በሚያዩ ሰዎች መሃል ነው። አንዷ የሰፈር ሴት አሥር ሺህ ዶላር ነው የሰማሁት አለች። መስጊዱ በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ ግን ጠርተዋት፣ ግንባሯን ስመው፣ መርቀው ሲያበቁ፣ «ሠላሳ ሺህ ዶላር የአላህ አደራ ነው ልጄ፤ ዘካውን አውጥተሽለታል?» ብለው ጠየቋት። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የእናቷ ስድስት ዓመት ወደ መቶ ዓመት ተባዝቷል።

ቤት ገብታ ይህን ስታወራ አክስቷ ድስቱን ከእሳት ላይ እንኳ ሳያወርዱ አጥር ለአጥር ወደ ወይዘሮ አስቻለች ሮጡ። ከወዲያ ማዶ «ለአንዲት ሴት ብቻ ነው የነገርኳት! እሷም አትናገርም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ ሙሐሲን ወሬውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ፊርደውስ ጸጉሯን ልትሠራ ወጣች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት። ስትመለስ አባቷ ምሳቸውን በልተው ጨርሰው፣ ጣታቸው ላይ የደረቀ ኮላ እየላጡ ተቀምጠዋል። ኮላው አላስገረማትም፤ አባቷ ያለ ኮላ ታይተው አያውቁም። ያስገረማት ከአጠገባቸው የነበረው መጽሐፍ ነው። እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የኖረው ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ አዲስ ጥቁር ሽፋን ለብሶ፣ ጀርባው በጨርቅ ተጠርዞ እንደ ሙሽራ ቁጭ ብሏል።

«ያዥው» አሉ አባቷ።

«አባ፣ ይሄ እኮ በጣም ከባድ ነው።»

«ቃል ነው፤ ይከብዳል። ከእጅሽ እንዳይለይ።»

ለእሳቸው ይህ ንግግር ነው። ፊርደውስ እጃቸውን ስማ ተቀበለችና ሻንጣዋ ውስጥ ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጎቷ አቶ አሕመዲን መጡ። አቶ አሕመዲን የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸውና የአቶ ሙሐሲን ቤት አንድ ግንብ ይጋራሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኳረፉ ሦስት ክረምት አልፏል፤ ምክንያቱም የአቶ አሕመዲን ጣሪያ አሸንዳ ነው። የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ወደ አቶ ሙሐሲን ግቢ ይደፋዋል። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ምሳውን በልቶ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በለቅሶም በሠርግም አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ ቃል አይለዋወጡም፤ የሚነጋገሩት በመሃላቸው በተገኘ ሰው በኩል ነው። ብዙውን ጊዜ የምትገኘው ፊርደውስ ናት።

«ፊርዲ፣ ለአባትሽ አሰላሙ አለይኩም በይልኝ» አሉ አቶ አሕመዲን፤ አባቷ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል።

«ወአለይኩሙ ሰላም በይው» አሉ አባቷ ግድግዳውን እያዩ።

«ሻንጣውን መጋዘኔ ወስደን ልንመዝነው ነው በይው። አውሮፕላን ላይ ከሃያ ሦስት ኪሎ በላይ አይገባም አሉ።»

«እንዳሻው በይው።»

ፊርደውስ ሁለቱም የሰሙትን ሳትደግም ሻንጣዋን ዘግታ ተነሣች። መጋዘኑ ውስጥ ሻንጣው ጤፍ የሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን ላይ ወጣ። አቶ አሕመዲን መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና «ሠላሳ ተኩል» አሉ፤ የሰው ጤፍ እንደሚመዝኑ ሁሉ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ሻንጣው ተከፈተ። የአክስት ማር ወጣ። ከበሶው ግማሹ ወጣ፤ ሁለት ጥንድ ጫማ ወጣ። አሁንም ሃያ ስድስት ነው። አራት ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ አጎቷ ራሳቸው ያመጡላት የበግ ጸጉር ባና ነበር፤ ፊርደውስ ገና እጇን ስትሰድ «እሱን አትንኪ! እዚያ አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል አሉ» ብለው ገሠጿት። ከዚያ እሳቸው እጃቸውን ሰደው መዝገበ ቃላቱን ብድግ አደረጉ። «ይሄ ምንድን ነው? ወፍጮ ነው እንዴ?»

«አባ የሰጠኝ ነው።»

አቶ አሕመዲን መጽሐፉን እንደ ጋለ ምጣድ መልሰው አስቀመጡት። «እኔ አልነካሁትም። ኋላ አሕመዲን አስወጣው ይባላል። አንቺ ካወጣሽው፣ ያወጣሽው አንቺ ነሽ» አሉና እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣመሩ። ፊርደውስ ሽፋኑን እያሻሸች ትንሽ ቆየች። ስልኳ ውስጥ ሦስት መዝገበ ቃላት አላት፤ ሦስቱም ምንም አይመዝኑም። አባቷ አያውቁም፤ ስትመለስ ቱርክ ረሳሁት ትላለች። አወጣችው። ሚዛኑ ሃያ ሦስት ላይ ቆመ።

ይህን ጊዜ ነው መምህር በእውቀቱ ጤፍ ሊገዙ ብቅ ያሉት። አሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የትምህርት ክፍላቸው ያለው መዝገበ ቃላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ተገንጥለው ጠፍተዋል፤ ስለዚህ ተማሪ በእነዚያ ፊደሎች የሚጀምር ቃል ሲጠይቃቸው መምህሩ «ነገ» ይላሉ። ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ ሲያርፍ የጤፉን ዋጋ መጠየቅ ረሱ። ፊርደውስ አየቻቸው። ከእህል መጋዘን ጥግ ላይ ከሚያድር ለእሳቸው ቢሆን ይሻላል ብላ፣ «ቲቸር፣ ይውሰዱት» አለች። መምህሩ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ወዲያው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ፤ የመጀመሪያው ፊደል አለ። ጤፉን ሳይገዙ ሄዱ።

ከመግሪብ በፊት ፊርደውስ ወሰነች። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ጉርድ ለብሳ አውቶቡስ ውስጥ ከምትቀመጥ፣ ብሩን ከማስረጃው ጋር በአንገቷ በምታንጠለጥለው ትንሽ ቦርሳ ብትይዝ ይሻላል። አጎቷ ሻንጣውን መልሰው ቤት ድረስ አምጥተው ውሃ እየጠጡ ነው፤ አክስቷ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ እየቆረጡ ነው። ጉርዱን ከፍራሽ ስር አወጣችና ምላጭ አነሣች። «ተይ! የማነሽ!» ብለው አክስት ሲጮኹ ቅምቅማቱ ተከፍቶ ነበር። ክሩ ግን እንግዳ ሆነባት፤ ወፍራም ነው፣ ሰም ተቀብቷል። «ይሄ የእኔ ስፌት አይደለም» አሉ አክስት ተጠግተው። የመጀመሪያው ላስቲክ ወጣ። ውስጡ በዶላር ልክ የተቆረጠ ነጭ ወረቀት ነበር፤ ጽሑፍ አለበት። ፊርደውስ አነበበችው፦ «…በተባለው ቀንና ሰዓት እንድትቀርቡ…» ሁለተኛውም «መጥሪያ» ይላል። ሦስተኛው ላይ ግማሽ ማኅተም አለ። አሥራ ስምንቱም የፍርድ ቤት መጥሪያ ቁራጭ ሆነው ወለሉ ላይ ተዘረጉ።

«ያ ረቢ! ብሩ መጥሪያ ሆነ!» ብለው ወይዘሮ ኡሙልኸይር አልጋው ላይ ወደቁ። ወይዘሮ አስቻለች በአጥሩ ቀዳዳ ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ ሁሉም ዞሮ አያቸው። ሴትዮዋ ወለሉን አዩ፣ ጉርዱን አዩ፣ ከዚያ የተጠረጠሩት እሳቸው መሆናቸው ገባቸው። በዚህ ጊዜ ወላሂ አላሉም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው ቆመው «በእመቤቴ ማርያም እጄን አላስገባሁም» አሉ። ነገሩ የምር መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

በዚህ መሃል የፊርደውስ ስልክ ጮኸ፤ እናቷ ከሪያድ በኢሞ ናት። ፊቷ በስልኩ መስታወት ላይ ብቅ አለ፤ የሥራ ሻሿን እንዳሰረች ነው፤ ከኋላዋ የሰው ወጥ ቤት ነጭ የግድግዳ ሸክላ ይታያል። «ፊርዲዬ፣ ሆዴ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ። ብሩን ደህና አድርጋችሁ ያዛችሁልኝ?» አለች። ፊርደውስ ወለሉ እንዳይታይ ስልኩን ወደ ላይ አነሣች። አክስት ከአልጋው ላይ ተወርውረው ስልኩን ነጠቁ። «አብሽሪ ሩቂያ! ማንም ሊያገኘው የማይችልበት ቦታ ነው ያለው!» አሉ። ለመሐላ የሚበቃ እውነት ነበር። እናቷ አልሐምዱሊላህ ብላ ዘጋች። ፊርደውስ የምታየው ያንን ነጭ ሸክላ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ተወልውሎ ነው አንድ መቶ ዶላር የሚሆነው?

አቶ ሙሐሲን የገቡት ይህን ጊዜ ነው። በሩ ላይ ቆመው የወለሉን ወረቀት አዩ፤ ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሱ መስሏት ፊርደውስ ልትደግፋቸው ተነሣች፤ ሰውዬው ግን እየሳቁ ነው።

«አብሽሩ፣ ብሩ አለ» አሉ። «ከተማው ሁሉ ስለ ጉርዱ ሲያወራ ዝም ብዬ ላይ ነው? ጉርዱን ለወሬው ተውኩለት። ብሩን መዝገበ ቃላቱ ሽፋን ውስጥ ነው የጠረዝኩት፤ ዘጠኙ ከፊት፣ ዘጠኙ ከኋላ። ካሁኑ ካወቀች ዓይኗ ይናገርባታል ብዬ ነው፤ ነገ አውቶቡስ ላይ ልነግራት ነበር። እንኳን ሌባ፣ ጠራዥ ቢመጣ አያገኘውም!» በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም። ዙሪያውን እያዩ አድናቆት ጠበቁ።

አክስት ደረታቸውን ይዘው «ተመስገን!» አሉ። ወይዘሮ አስቻለች ከክስ ነጻ እንደ ወጣ ሰው ተነፈሱ። ፊርደውስ ግን ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ አጎቷ ደግሞ የውሃውን ብርጭቆ ዝቅ አድርገው አስቀመጡ።

«አባ…» አለች። «መዝገበ ቃላቱ ከባድ ነበር።»

«አዎ ከባድ ነው። እና?»

«ሚዛኑ ሃያ ሦስት አልገባ አለ።»

አቶ ሙሐሲን ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ሻንጣውን፤ ከዚያ ሚዛን ያለው ሰው በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ስለሆነ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። ሦስት ክረምት ያልዞረ አንገት ነው።

«አንተ! መጽሐፉን የት አደረግኸው?»

አቶ አሕመዲን ከልማድ የተነሣ ወደ ፊርደውስ ዞረው «ለአባትሽ ንገሪው፣ እኔ እጄን አል—» ካሉ በኋላ አቋረጡ። የተጠየቁት በቀጥታ እንደሆነ የገባቸው ኋላ ነው። ብድግ አሉ። «እኔ አልነካሁትም! ወላሂ አልነካሁትም! ይቺው ቆማለች፣ ጠይቃት!»

«ሚዛንህ ላይ ነው የወጣው!»

«ሚዛን ምን አጠፋ? አንተ ነህ ለሴት ልጅ የግንብ ድንጋይ ያሸከምካት!»

«ለመምህር በእውቀቱ ነው የሰጠሁት፤ እኔ ነኝ» አለች ፊርደውስ። ወንድማማቾቹ አልሰሟትም፤ ሦስት ክረምት ተዘግቶ የከረመ አፍ ቶሎ አይዘጋም። እጃቸውን እየጎተተች ነው ባጃጅ ውስጥ ያስገባቻቸው፤ እሷ መሃል ተቀመጠች፤ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ በእሷ ራስ ላይ ቃል እየተወራወሩ ወግዲ መውጫ ካለው የመምህሩ ቤት ደረሱ።

በሩን የከፈተችው የመምህሩ ሚስት ይርገዱ ናት። መዝገበ ቃላቱ ጠረጴዛው መሃል፣ በዳንቴል ላይ ተቀምጧል፤ መምህር በእውቀቱ ሰማያዊ ላስቲክ አልብሰውት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው፣ ስማቸውን በቀይ እስክሪብቶ እየጻፉ ነበር። ሦስቱን ሲያዩ እጃቸውን መጽሐፉ ላይ ጫኑ። «ስጦታ ይመለሳል እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። አቶ ሙሐሲን ወደ ወንድማቸው ዞሩ። አቶ አሕመዲን ደረሱላቸው፦ «ወንድሜ ሽፋኑን ሊያድስልዎ ፈልጎ ነው።» «ምኑ ይታደሳል?» አሉ መምህሩ ሽፋኑን በጣታቸው እያንኳኩ። «በዕድሜዬ እንዲህ የጠነከረ ጥራዝ አላየሁም። የማን እጅ ነው እያልኩ ሳደንቅ ነው የዋልኩት።» አቶ ሙሐሲን በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው ፊታቸው በራ።

«ቲቸር» አለች ፊርደውስ፣ «የትምህርት ብሬ ሽፋኑ ውስጥ ነው።»

መምህሩ በሐዘን አዩዋት። «ልጄ፣ ብርሽማ ጉርድሽ ውስጥ ነው። ይሄን ማን ያጣዋል?»

ማስረዳቱ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ አቶ ሙሐሲን ምላጭ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ጠራርገው፣ አዲሱን ሽፋን እንደ ሐኪም በጠርዙ ከፈቱት። ከፊት ዘጠኝ ወጣ። ከኋላ ስምንት ወጣና ቆመ። አቶ ሙሐሲን ጣታቸውን አስገብተው ጥግ ጥጉን ሲዳስሱ ዘጠነኛው ከካርቶኑ ጋር ተጣብቆ አገኙት፤ ኮላው ላስቲኩን አልፎ አንዱን ጠርዝ ነክቶታል። «በምራቅ ይለቃል» ብለው አቶ አሕመዲን ጣታቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ፣ «በሙቅ ውሃ ነው» ብለው ይርገዱ ሲነሡ፣ አባቷ ደግሞ በምላጩ ሊፍቁ ሲሉ፣ ፊርደውስ «አትንኩት!» ብላ ጮኸች።

በታላላቆቿ ላይ ስትጮኽ የመጀመሪያዋ ነው። ሁሉም እጁን ሰበሰበ። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ወረቀቱን ከካርቶኑ ላይ በጥፍሯ ጫፍ፣ በትዕግሥት፣ ትንሽ ትንሽ እያለች አላቀቀችው። አልተቀደደም፤ አንድ ጠርዙ ብቻ ደረቅ ብሏል። አሥራ ስምንቱን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ኮላ የነካውን ከላይ አደረገችው፣ መጀመሪያ የምትመነዝረው እሱን ነው። ከባንኩ ማስረጃና ከፓስፖርቷ ጋር በአንድ ላይ አድርጋ በአንገቷ ባንጠለጠለችው ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ሻርፏን ጣል አደረገችበት። ማንንም «እዚህ ይሁን?» ብላ አልጠየቀችም። አቶ ሙሐሲን ሽፋን አልባ የሆነውን መጽሐፍ አንሥተው «እስከ ሰኞ እጠርዝልዎታለሁ፤ ከፊተኛው የተሻለ አድርጌ» ብለው ለመምህሩ ቃል ገቡ። መምህሩ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደሎች ቆጥረው፣ መኖራቸውን አረጋግጠው፣ ከነራቁቱም ቢሆን ሊሰጧቸው አልፈለጉም።

ሲመለሱ በእግራቸው ነው፤ ባጃጁ ሄዷል፤ ፀሐይዋ ጠልቃ ከወግዲ በኩል የሚመጣው ንፋስ ይቆነጥጣል። ወንድማማቾቹ ከፊት ቀደሙ። «ያ ሚዛንህ ልክ አይደለም፤ ያቺ ሻንጣ ከሃያ ሦስት አታልፍም ነበር» አሉ አቶ ሙሐሲን። «ሚዛኔን? ሚዛኔን ነው የምትለው?» ብለው አቶ አሕመዲን መሃል መንገድ ላይ ቆሙ። ከሚዛኑ ወደ ባናው፣ ከባናው ወደ አሸንዳው ገቡ፤ አቶ አሕመዲን እንጨት አንሥተው መሬት ላይ ጣሪያቸውን ሣሉ፣ አቶ ሙሐሲን እንጨቱን ቀምተው ውሃው የሚወርድበትን ሣሉ። «ታዲያ ይሄን ያኔውኑ አትነግረኝም ነበር?» «አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?» ሰዉ ከየበሩ ብቅ እያለ ያያል። በመካነ ሰላም ሁለቱ ሲነጋገሩ የታዩት ከሦስት ዓመት ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ሻርፏን ደረቷ ላይ ይዛ በመሃላቸው ያለፈችውን ልጅ ያስተዋላት ሰው አልነበረም።

አክስቷና ወይዘሮ አስቻለች ግቢው በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ተገኘ?»

«ተገኝቷል።»

«አልሐምዱሊላህ! ወንዶቹስ?»

«እየተጣሉ ነው።»

ወይዘሮ ኡሙልኸይር ክንዷን ያዙት። «በአፋቸው?»

«በአፋቸው።»

አክስት ወይዘሮ አስቻለችን አዩ፤ ከዚያ «ዝም በሉ፣ ልስማ» ብለው ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አዘነበሉ። ድምፁ ከታች ከመታጠፊያው እየቀረበ መጣ፤ አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይጮኻል፤ በመሃሉ ሳቅ የሚመስል ነገርም አለ። ብሩ የት እንዳለ የጠየቀ የለም። ፊርደውስ በሩን ተደግፋ አዳመጠች፤ ነገ በዚህ ሰዓት አዲስ አበባ ናት፣ ከነገ ወዲያ ባሕር ማዶ። እነዚያ ሁለቱ ግን ገና አሸንዳውን አልጨረሱም፤ የጋራ ግንባቸው ወጪና የአባታቸው በቅሎ ውርስ ገና አልተነሡም።